የአያቴ ፈርጥ በሦስት ጣት ላይ፦ የወረሳችሁትን አልማዝ በአዲስ ቀለበት ማሠራት

በእኛ አገር አልማዝ የሚባሉ እናቶች ሞልተዋል። አልማዝ ያደረጉ ግን ጥቂት ናቸው። ለጥሎሽ የሚመጣው ወርቅ ነው። ለክፉ ቀን የሚቀመጠውም ወርቅ ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት አልማዝ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ከኋላው ታሪክ አለ፦ ቤሩት ወይም ጂዳ ሠርታ የተመለሰች አክስት፣ ለትምህርት አውሮፓ የሄደ አባት፣ ወይም እንደ እኛ ቤት ፒያሳ ከአንድ አርመን ወርቅ ሠሪ የተገዛ የአያት ቀለበት።

እኛ ሦስት ልጆች ነን። እናታችን ስታርፍ ያ ቀለበትና አንድ ጥንድ የጆሮ ጌጥ ደረሰን። ቀለበቱ መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ፈርጥ፣ ዙሪያውን ስምንት ትንንሽ ፈርጦች ነበሩት። የጆሮ ጌጡ ላይ ደግሞ በየጎኑ አንድ አንድ ድንጋይ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ በመሐረብ ተጠቅልሎ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ እኔ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ቀለበቱ ለእህቴ ይሰፋታል፣ ለእኔ ይጠበኛል። ወንድሜ ሊያገባ ሲነሣ ነው «ለምን አናሠራውም?» ያለው። ዛሬ በሦስታችንም ቤት አንድ አንድ ቀለበት አለ።

ሥራው ሲያልቅ አንድ ነገር ገባኝ። ወርቅ ሠሪው እሳት ከመለኮሱ በፊት እናንተ የምትሠሩት ሥራ ከእሳቱ ይበልጣል። ፈርጥ አንዴ ከተነቀለ በኋላ «የእኔ የቱ ነበር?» ቢሉ መልስ የለም። ስለዚህ ከታች ያሉት የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ረዘም ይላሉ፤ የኋለኞቹ ያጥራሉ።

1. ቤተሰቡ አስቀድሞ ይስማማ

ጌጡ የማን እንደሆነ ሳይለይ ወርቅ ቤት አትሂዱ። የተቀለጠ ወርቅ ተመልሶ የአያት ቀለበት አይሆንም። ቅሬታ ያለው ሰው ካለ አሁን ይናገር። ሩቅ ያለውን ወንድም፣ አዲስ አበባ ያለችውን አክስት ደውላችሁ ጠይቁ። ድርሻ ባይኖራቸውም የሚያውቁት ነገር ይኖራል። እኛ ቀለበቱ ከአርመን ወርቅ ሠሪ መገዛቱን ያወቅነው ከአክስታችን ነው።

ሦስት ነገር ወስኑና ጻፉት። የትኛው ፈርጥ ለማን ይደርሳል? የሥራውን ዋጋ ማን ይከፍላል? ወርቁስ ይቅለጥ ወይስ ባዶውን ማቀፊያ እናስቀምጠው? እኛ ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ አላስቸገረም። «እትዬ፣ ትልቁ ያንቺ ነው» አልናት። የጆሮ ጌጡ አንድ ፈርጥ ለእኔ፣ አንዱ ለወንድሜ እጮኛ ሆነ። ትንንሾቹን ለሦስት ለመካፈል ተስማማን።

የሁላችሁም ድርሻ በዋጋ እኩል ላይሆን ይችላል። እኩል እንዲሆን ከፈለጋችሁ ከመከፋፈላችሁ በፊት ገማች አስገምቱ። የግምት ወረቀት ስታዩ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፦ ለኢንሹራንስ የሚጻፈው ዋጋ ያን ጌጥ አዲስ ለመግዛት የሚያስፈልገው ነው። ብትሸጡት የምታገኙት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። በተለይ ትንንሽ ፈርጦች ሲሸጡ ዋጋ የላቸውም ማለት ይቻላል። አሠርቶ ማድረግ ከመሸጥ የሚሻለው ለዚህም ጭምር ነው።

2. እጠቡት፣ ፎቶ አንሡት፣ ቁጠሩት

አልማዝ ቅባት ይወዳል። የእጅ ቅባት፣ ሎሽን፣ የምግብ ቅባት ይይዝና ይደበዝዛል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩ። ጌጡን ለግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉት። ከዚያ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በተለይ ከሥሩ በኩል አሹት። ማጠቢያው ላይ አይሁን፤ ሳህን ውስጥ ይሁን። የላላ ፈርጥ በቧንቧ ከሄደ ሄደ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ጌጡን ገልብጡት። ከፈርጡ ጀርባ ወርቁ ክፍት ሆኖ ብርሃን ካስገባ እጠቡት። ጀርባው ድፍን ከሆነ ግን አትዘፍዝፉት። በድሮ ጊዜ ድንጋዩ እንዲያበራ ከሥሩ ቀጭን የብረት ቅጠል ይደረግ ነበር። ውሃ ከገባበት ይጠቁራል፤ አይመለስም። ዕንቁ ወይም ኤመራልድ አብሮ ካለም ሳትዘፈዝፉ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

ከታጠበ በኋላ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ ፎቶ አንሡ። ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር፣ ከውስጥ። አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጡ። ፈርጦቹን ቁጠሩና ቁጥሩን ጻፉ። 

ይህን አጥብቄ የምለው ስለተጎዳሁ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ቀለበቱን እንዲያጥቡልኝ ብቻ አንድ ሱቅ ሰጥቼ ነበር። ሲመለስልኝ ትንንሾቹ ሰባት ሆነው አገኘኋቸው። «ስምንት ነበሩ» አልኩ። «ሲመጣ እንዲህ ነበር» አሉኝ። ፎቶ የለኝም፤ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «አንድ ቀለበት» ብቻ ነው። ምናልባት ፈርጧ ከዓመታት በፊት ወድቃ ይሆናል፤ ምናልባት እዚያ ጠፍታ ይሆናል። እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንድ የስልክ ፎቶ ቢኖረኝ ኖሮ አውቅ ነበር።

3. አልማዝ መሆኑን አረጋግጡ

«እናቴ አልማዝ ነው ብላኛለች» ማስረጃ አይሆንም። እናትም አልዋሸችም። እሷም የተነገራትን ነው ያለችው።

ቤት ውስጥ የሚሞከሩ ነገሮች አሉ። በትንፋሽ እፍ ሲሉበት ጉሙ በፍጥነት ከጠፋ አልማዝ ነው ይባላል። እውነት አለው፤ አልማዝ ሙቀትን በጣም በፍጥነት ያሳልፋል። ግን ሞይሳናይት የሚባለው ሰው ሠራሽ ድንጋይም እንዲሁ ነው። መስታወት መቧጨር ጭራሽ አትሞክሩ። መስታወትን የሚቧጭር ድንጋይ ብዙ ነው፤ የፈርጣችሁን ጠርዝ ግን ልትሸርፉ ትችላላችሁ።

ከዚህ ይልቅ የሚረዳው ዕድሜው ነው። ኪውቢክ ዚርኮኒያ የሚባለው አልማዝ መሳይ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ሞይሳናይት ለጌጥ መሸጥ የጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። አያቴ ቀለበቱን አድርጋ የተነሣችው ፎቶ ጀርባው ላይ «1958 ዓ.ም.» ይላል። ስለዚህ ፈርጡ ካልተቀየረ በቀር ሁለቱንም ሊሆን አይችልም። የቀሩት እንደ ብርጭቆ፣ ነጭ ሰንፔርና ሰው ሠራሽ ስፒኔል ያሉ አልማዝ መሳዮች ናቸው፤ እነሱን ባለሙያ በአንድ ደቂቃ ይለያቸዋል። የድሮ አልበማችሁን አውጡና የእጆቹን ፎቶ ፈልጉ። 

ወርቅ ቤት ስትሄዱ በሙቀት ብቻ የሚለካው መሣሪያ ሞይሳናይትን «አልማዝ» ሊለው ስለሚችል ኤሌክትሪክንም በሚለካው እንዲደግሙት ጠይቁ። ጌጡ የቅርብ ዘመን ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ላቦራቶሪ ውስጥ የተሠራ አልማዝ በእርግጥም አልማዝ ነው፤ በዓይን አይለይም፤ ዋጋው ግን ከመሬት ከወጣው በእጅጉ ያንሳል። ይህን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው።

ጂ.አይ.ኤ. የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1931 የተቋቋመው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም የአልማዝ የደረጃ ወረቀት የሚሰጠው ከጌጡ ለወጣ ድንጋይ ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀት ከፈለጋችሁ ጊዜው ፈርጡ ከድሮው ከተነቀለ በኋላ፣ አዲሱ ላይ ከመግባቱ በፊት ነው። ያ ዕድል አንዴ ነው የሚገኘው። ለትልቁ ፈርጥ አሠሩ። ለትንንሾቹ አያዋጣም።

4. ሁለቱን ካራት አትቀላቅሉ

በአማርኛ ሁለቱንም ካራት ስለምንል ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። የወርቅ ካራት ጥራት ነው። ከ24 ስንቱ እጅ ንጹሕ ወርቅ ነው ማለት ነው። 18 ካራት ወርቅ ከ1,000 ውስጥ 750ው ወርቅ ነው፤ ስለዚህ ውስጡ 750 የሚል ማኅተም ይኖረዋል። 21 ካራት 875፣ 22 ካራት 916፣ 14 ካራት 585 ይላል። የአልማዝ ካራት ግን ክብደት ነው። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። አምስት ካራት ተደምሮ ነው አንድ ግራም የሚሆነው። «ባለ 18 ካራት አልማዝ ነው» የሚላችሁ ሰው ስለ ወርቁ እየነገራችሁ ነው።

ፈርጡ ጌጡ ላይ እያለ ክብደቱን በስፋቱ መገመት ይቻላል። ክብና በዘመናዊ መንገድ የተቆረጠ ከሆነ 6.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ካራት ገደማ ነው። 5.2 ሚሊ ሜትር ግማሽ ካራት፣ 4.1 ሚሊ ሜትር ሩብ ካራት፣ 2 ሚሊ ሜትር 0.03 ካራት ያህል ይመዝናል። የድሮ ፈርጥ ግን ሆዱ ጥልቅ ስለሆነ ከላይ ከሚታየው በላይ ሊመዝን ይችላል።

5. የድሮ ቅርጽ ከሆነ አታስቆርጡት

ይህ ክፍል ለእኔ ዋናው ነው።

የአያቴን ፈርጥ ታጥቦ ሳየው መሃሉ ላይ ትንሽ ክብ ነጥብ አየሁ። ቀዳዳ መሰለኝ። ዙሪያውም ፍጹም ክብ አልነበረም፤ ወደ አንድ ጎን ትንሽ ያዘነብላል። መጀመሪያ የጠየቅሁት ሱቅ «እንደገና ቢቆረጥ ያምርበታል፤ ይበልጥ ያበራል» አለኝ። ልስማማ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

የድሮ አልማዝ እንዲህ ነው የሚሠራው። ከ1919 እ.ኤ.አ. በፊት የነበሩት ቆራጮች በአብዛኛው በእጅና በዓይን ነበር የሚሠሩት። በዚያ ዓመት ማርሴል ቶልኮቭስኪ የተባለ መሐንዲስ ብርሃን ከአልማዝ ውስጥ የሚመለስበትን ማዕዘን በሒሳብ አወጣ። ዛሬ የምናየው የሚያብለጨልጭ ክብ ፈርጥ መነሻው ያ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ፈርጥ ላዩ ጠባብ፣ አናቱ ከፍ ያለ፣ ከሥር ያለው ጫፉ ሹል ሳይሆን ጠፍጣፋ ነው። ያ ክብ ነጥብ ከላይ ሲታይ ጠፍጣፋው ጫፍ ነው። ጉድለት አይደለም። ዘመኑ የሻማና የጋዝ መብራት ስለነበረ ገጾቹ ሰፋፊ ናቸው። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርቼ ቀለበቱን አየሁት። በኤሌክትሪክ ደብዛዛ የመሰለኝ ድንጋይ ረጋ ያለ፣ ሰፋፊ የእሳት ብልጭታ ሲያወጣ አየሁ። እህቴን ጠርቼ «እትዬ፣ ነይ እይው» አልኳት። በዚያው ተወሰነ።

እንደገና ማስቆረጥ ምን እንደሚያስከፍል ማየት የሚፈልግ ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ሰው ስሚትሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሂድ፤ መግቢያው ነፃ ነው። እዚያ ያለው ሰማያዊ አልማዝ፣ ሆፕ የሚባለው፣ 45.52 ካራት ነው። ከሕንድ ሲመጣ ግን 115 ካራት ገደማ ነበር። ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1673 ተቆርጦ ወደ 69 ካራት ወረደ። በ1792 ተሰረቀ፤ በኋላ እንደገና ተቆርጦ ዛሬ ያለው ሆነ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድንጋይ ዱቄት ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው። 

የተሸረፈ ጠርዝ ካለ ነገሩ ይለያል። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ሽራፊውን መያዣው ሥር መደበቅ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ይቻላል።

6. ባለሙያ ስትመርጡ የምትጠይቁት

አዲስ ጌጥ ጥሩ አድርጎ የሚሸጥ ሁሉ የድሮ ፈርጥ መንቀል አይችልም። ሥራው እዚያው ቤት ይሠራል ወይስ ወደ ሌላ ይላካል? ከተላከ ለማን፣ በምን ይላካል? ሆፕ አልማዝ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1958 ከኒው ዮርክ ስሚትሶኒያን የገባው በተመዘገበ ፖስታ ነው፤ ስለዚህ መላኩ በራሱ መጥፎ አይደለም። ሳይመዘገብና ያለ ኢንሹራንስ መላኩ ነው መጥፎ።

ከሁሉም በላይ ይህን ጠይቁ፦ «ፈርጡ እናንተ እጅ ላይ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ማን ይከፍላል?» ብዙ ሱቆች ደንበኛ ይዞት ለመጣ ድንጋይ ኃላፊነት አንወስድም የሚል ጽሑፍ ደረሰኙ ላይ አላቸው። ያ ማለት ሌቦች ናቸው ማለት አይደለም። የድሮ ድንጋይ ውስጡ ምን እንዳለ ስለማይታወቅ ነው። እናንተ ግን አውቃችሁ መፈረም አለባችሁ። እኔ የመረጥኳቸው አንድ ፒያሳ ያደጉ አዛውንት ወርቅ ሠሪ ናቸው። ፈርጡን ለሃያ ደቂቃ ያህል አጉልተው ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ እዚህ ጋ ስንጥቅ አለ። ከጠርዙ ይርቃል፣ አልፈራውም። ግን አስቀድሜ ልንገርሽ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ፣ ይጻፍልኝ» አልኳቸው። ጻፉት። ጉድለቱን ቀድሞ የሚያሳይ ባለሙያ ስታገኙ ሌላ አትፈልጉ።

7. ሲነቀል እዚያው ተገኙ

አልማዝ አይሰበርም ይባላል። ይሰበራል። ከሁሉም የጠነከረው ለመቧጨር ነው እንጂ ለምት አይደለም። በአራት አቅጣጫ እንደ እንጨት የሚሰነጠቅበት መስመር አለው፤ እዚያ ላይ ከተመታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፈርጥ በኃይል አይነቀልም። እንደ ጥፍር የሚይዙት ቀጫጭን የወርቅ ዘንጎች ይቆረጣሉ ወይም ቀስ ብለው ይገለበጣሉ። የድሮው ማቀፊያ ሳይጎዳ እንዲቀር ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሥራው ይዘገያል እንጂ ይቻላል።

ሲነቀል አጠገቡ ቁሙ። ወዲያው ይመዘን፤ በካራት እስከ ሁለት የነጥብ ቤት ይጻፍ። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ጥልቀቱ በሚሊ ሜትር ይለካ። ከዚያ አሥር እጥፍ በሚያጎላው መነጽር እናንተም እዩ። ውስጡ ጥቁር ነጥብ፣ ነጭ ላባ የመሰለ ስንጥቅ፣ የሆነ ነገር ይኖራል። ያ የድንጋያችሁ ልደት ምልክት ነው፤ ሁለት አልማዝ አንድ ዓይነት ምልክት የለውም። በወረቀት ላይ ክብ ሣሉና ምልክቱ ያለበትን ቦታ አስቀምጡ። ሥራው አልቆ ስትመጡ ያንኑ ምልክት ትፈልጋላችሁ። ባለሙያውን መስደብ አይደለም፤ ጥሩዎቹ ራሳቸው ነው የሚያሳዩዋችሁ።

8. ንድፉ ፈርጡን ይከተል

ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ያየውን ቀለበት ይዞ ይሄዳል። የተወረሰ ፈርጥ ግን ለተዘጋጀ ማቀፊያ አይገጥምም። ጥልቀቱ ይበልጣል፣ ዙሪያው ያዘነብላል። መቀመጫው ለእሱ ብቻ መቆረጥ አለበት።

ጠርዙ ቀጭን ወይም የተሸረፈ ከሆነ፣ ወይም ቀለበቱን የምታደርገው በእጇ የምትሠራ ሰው ከሆነች፣ ዙሪያውን በወርቅ ከንፈር የታቀፈ ይሻላል። ልብስ አይዝም፤ ምት ይከላከላል። ብርሃን እንዲገባበት ከተፈለገ በጥፍር የሚያዝ ይሻላል፤ ስድስት ጥፍር ከአራት ይበልጥ ያስተማምናል፤ አንዱ ቢሰበር አምስት ይቀራል። እህቴ ነርስ ናት። ቀኑን ሙሉ ጓንት ታጠልቃለች፣ ታወልቃለች። ለሷ በከንፈር የታቀፈ ሆነ፤ ከጣት ብዙም ከፍ አይልም።

ትንንሾቹን በስፋታቸው ደርድሯቸው። በእጅ የተቆረጡ ስለሆኑ አንዱ 1.9፣ ሌላው 2.2 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ሰባቱ ለእኔ ሁለት፣ ለሙሽራዋ ሁለት፣ ለእህቴ ሦስት ሆኑ። ሦስተኛዋን ከውጭ ማስገባት ንድፉን አበላሸው። ጋሼ ናቸው «ከውስጥ ትግባ» ያሉት። ከቀለበቱ ውስጥ፣ ቆዳ በሚነካው በኩል፣ ወርቁን ቆፍረው ከገጹ ጋር እኩል አድርገው አስገቧት። ማንም አያያትም። እህቴ ታውቃለች።

ከመሠራቱ በፊት ናሙና ጠይቁ። ብዙዎቹ አሁን በኮምፒዩተር ነድፈው በሰም ወይም በፕላስቲክ ያወጡታል። ጣታችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩት። ጣት ጠዋት ይቀጥናል፣ ማታና በሙቀት ያብጣል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ አስለኩ። ሰፊ ቀለበት ከሆነ ግማሽ ቁጥር መጨመር ያስፈልጋል።

9. የአያት ወርቅ ይቅለጥ?

ሁሉም «የእሷው ወርቅ ይሁን» ይላል። እኔም ብያለሁ። ግን የድሮ ወርቅ ሲጠገን የኖረ ነው። በየብየዳው ከሌላ ብረት ጋር ተቀላቅሏል። እንዳለ ቀልጦ ቢፈስ ውስጡ አረፋ ይይዛል፤ ይሰነጠቃል። ባለሙያ አዲስ ወርቅ ይጨምርበታል ወይም መጀመሪያ ያስጣራዋል። 18 እና 21 ካራት አብረው ከቀለጡ ደግሞ መሃል ላይ የሆነ፣ ከተለመደው ማኅተም ጋር የማይገጥም ወርቅ ይወጣል።

ሌላም አለ። ከዱባይና ከጂዳ የሚመጣው ወርቅ ብዙ ጊዜ 21 ወይም 22 ካራት ነው። ያምራል፤ ግን ለስላሳ ነው። ጥፍሩ ከዚህ ከተሠራ ይላላል፣ ፈርጡ ይወድቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጣት የሚዞረው ክፍል ከቤተሰብ ወርቅ ይሁን፤ ፈርጡን የሚይዘው ክፍል ከ18 ካራት ወይም ከፕላቲኒየም ይሠራ።

ካስቀለጣችሁ ፊት ለፊታችሁ ይመዘን። ከሌላ ደንበኛ ወርቅ ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው እንዲቀልጥ ተናገሩ። የተረፈው ፍርፋሪም ይመለስላችሁ ወይም ከዋጋው ይቀነስ።

እኛ የእናቴን የጆሮ ጌጥ ወርቅ አስቀለጥን። የአያቴን ማቀፊያ ግን አላስነካንም። ያ በእጅ የተሠራ ነው፤ ጥፍሮቹ ላይ የሠሪው ሞረድ ያለፈበት ይታያል። ዘጠኝ ባዶ ጎጆ ያለው ቀለበት ሆኖ ተቀምጧል።

10. እሳትን በተመለከተ

አልማዝ ካርቦን ነው። አየር ባለበት 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ገጹ ይቃጠላል፤ ነጭ ጉም የሸፈነው ይመስላል። የሚመለሰው በቆራጭ ቤት እንደገና ሲታሽ ብቻ ነው። በተቻለ መጠን ብየዳው ሁሉ ካለቀ በኋላ ፈርጡ ይግባ። ወደፊት ቀለበቱን ለማስፋት ሄዳችሁ ፈርጡ ላይ እያለ ከተበየደ ደግሞ በቦሪክ አሲድና በአልኮል መሸፈን አለበት፤ ትኩሱም ውሃ ውስጥ አይነከር። ስንጥቁ በብርጭቆ መሳይ ነገር የተሞላ አልማዝ ካለ ጭራሽ እሳት አይነካው። ሙላቱ ይፈሳል።

11. ስትረከቡ

ፈጥናችሁ ጣታችሁ ላይ አታጥልቁት። መጀመሪያ መነጽሩን ጠይቁና ያን ምልክት ፈልጉ። ወረቀታችሁ ላይ ያለው ቦታ ላይ ካገኛችሁት የእናንተው ነው። ከዚያ ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ በጣት ቀስ ብላችሁ አንኳኩት፤ ካንኳኳ ፈርጡ ልቅ ነው። ጥፍሮቹን በናይሎን ካልሲ ወይም በሹራብ ላይ አሻሹ፤ ክር ከያዙ ይስተካከሉ። ማኅተሙን አንብቡ። ነጭ ወርቅ ከሆነ ላዩ ብዙ ጊዜ ሮድየም በሚባል ነጭ ብረት የተቀባ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ ይለቃል፤ ደግሞ መቀባት እንደሚያስፈልገው እወቁ።

12. ከዚያ በኋላ

አሜሪካ ያላችሁ፣ የቤት ኢንሹራንስ ለተሰረቀ ጌጥ የሚከፍለው ጣሪያ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ነው። ቀለበቱን ለብቻው አስመዝግቡ፤ አዲስ ግምት ይፈልጋሉ። በዓመት አንዴ ጥፍሩን አስፈትሹ። አልማዝን ከሌላ ጌጥ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ አትክተቱ፤ ሌላውን ወርቅ ይቧጭራል፤ ሌላውን አልማዝም እንዲሁ።

እያንዳንዱ ቀለበት የራሱ ወረቀት ይኑረው። የፈርጡ ክብደትና ልክ፣ የምልክቱ ሥዕል፣ የድሮው ጌጥ ፎቶ፣ ከማን ወደ ማን እንደመጣ በስም። እኛ ሦስት ቅጂ አደረግን። የወንድሜ ሚስት የሷን ከጋብቻ ወረቀቷ ጋር አስቀምጣለች። የአያቴን የ1958ቱን ፎቶ ኮፒም ከጀርባው አጣብቃበታለች።